አማልክቱን የቀደመች ልጅ

ቺዙሩ ልጄ ያን ዓይን አፋር አናጢ «እሺ» አለችው!

ቶሚኤ ጓደኛዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? በልጅነታችን፣ በአሥረኛው ወር ልንጸልይ ስንሮጥ እናቴ «አማልክት የሌሉበት ወር ነው! ሁሉም ወደ ኢዙሞ መቅደስ ሄደው ማን ማንን ያግባ እያሉ ይመክራሉ፤ ማን ሊሰማችሁ ነው?» እያለች ስትስቅብን ትዝ ይልሻል? እኔም ዘንድሮ ለልጄ ትዳር ልለምን ተከትያቸው ኢዙሞ መጣሁ። በመቅደሱ ደጅ ሻይ የምትሸጥ አሮጊት «አይ ልጄ፣ ቸኮልሽ! አማልክቱ እኮ የሚቆጥሩት በድሮው የጨረቃ አቆጣጠር ነው፤ ገና በሚቀጥለው ወር ነው የሚመጡት» ብላ ሳቀችብኝ። አፍሬ ሳላበቃ ቺዙሩ ደወለች። አማልክቱን ቀደመቻቸው! ምነው እናቴ ይህን በሰማች!

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ለባልሽና ለጎረቤቶቻችን ሰላምታዬ ይድረስ። አንድም ሰው እንዳይቀር፤ ሠርጉ ሦስተኛው ወር፣ የቡቃያው ወር ያዮይ፣ በባተ በሦስተኛው ቀን ነው!