የጀማል አይሱዙ ስንት ጆንያ ይችላል?

ሮቤ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

የባለቤቴ የዘይነባ ወንድም ጀማል ነገ በአይሱዙው ስንዴ ጭኖ በጎባ በኩል የሐረናን ቁልቁለት ወደ ደሎ መና ይወርዳል። ከኋላው ደግሞ ባለ ሁለት ጎማ የውሃ ታንከር ሊጎትት አስቧል። ጭነቱን አስላልኝ ብሎ መጣ።

ሊብሬው የሚፈቅደው ሃምሳ ኩንታል ነው። እሱም ሃምሳ ጆንያ ብሎ ጨርሷል። የእኛ አገር ገበሬ ግን ጆንያውን የሚሰፋው ረግጦ ከሞላው በኋላ ነው። አንዱን ብንመዝነው መቶ አስራ ሁለት ኪሎ ወጣ። ካሶኒው፣ የጭነት ሳጥኑ ማለት ነው፣ በብረት የተሠራውም ሊብሬው ከወጣ በኋላ ነው። ባዶውን መኪና የዱቄት ፋብሪካ ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ሊብሬው ከሚለው በአራት ኩንታል ይበልጣል። ያንን ከሃምሳው ቀንሼ በጆንያው ክብደት ሳካፍል አርባ አንድ ጆንያ ደረሰኝ።

"ኦቦ ደራሲ፣ ዘጠኝ ጆንያ ሰረዝክብኝ እኮ!" አለኝ ጀማል፤ ስለምጽፍ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

"መጎተቻውስ ስንት ይችላል?"

"የበየደልኝ ሰውዬ ዝሆን ይጎትታል ብሎኛል።"

"ዝሆኑ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ሲገፋህስ?"

ሳቀ። ታንከሩን ግን ፈትቶ ግቢያችን ውስጥ ተወው። ስለ ጆንያው "ኢንሻአላህ" ብሎኝ ወጣ።

ዘይነባ እራት ስታቀርብ ጠየቀችኝ። አርባ አንድ እንዳልኩት ነገርኳት።

"አንተ ያልከውን መች ጠየቅኩ? እሱ ምን አለ?"

"ኢንሻአላህ አለ።"

ወንድሟን ታውቀዋለች፤ የእሱ ኢንሻአላህ እሺ ማለት አይደለም። እጇን ጠርጋ ስልኳን አነሳች። ሁለቴ ደወለች፤ አያነሳም። ይህን ስጽፍም ስልኩን ከእጇ አላስቀመጠችም።