ሁለት ጊዜ መርዶሽን ሰማሁ

እማዬ፣

ከተለያየን አሥራ አራት ዓመታችን ነው። በዚያው ዓመት ሞተሻል አሉኝና አልቅሼ ጨረስኩልሽ። የሞትሽው ግን ዘንድሮ ነው፤ ገና ሦስት ወርሽ። እነዚህን ቃላት ጎን ለጎን ሳነባቸው አሁንም ክው እላለሁ። የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ሁለት ቃል ሲጋጭ አንዱ ውሸት መሆን እንዳለበት አስተምረውኛል። የትኛው ውሸት እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ማን እንደዋሸም አውቃለሁ።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ። ሲያትል ውስጥ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ ከአከራዮቻቸው ጋር የተጣሉ ሰዎች እርዳታ የሚጠይቁባት ትንሽ ቢሮ አለች። ከትምህርት በተረፈኝ ሰዓት እዚያ አማርኛ ተናጋሪዎቹን አስተናግዳለሁ። አንድ ቀን በዲቪ ከመጣች ገና ሳምንታት የሆናት ሴት ገባች። ማሞቂያዋ ተበላሽቶ አከራይዋ አልጠግንም ብሏታል። ጉዳይዋን ሳትጨርስ፣ እናቶቻችን ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሌላ ጊዜ እዚሁ ነው ያደግኩት ብዬ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ግን አነጋገሯ የሰፈራችንን ሰዎች አስታወሰኝና፣ የእናኑ ልጅ ነኝ፣ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አልኳት።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብላ ተነሣች። ቤቷ ሌክ ሲቲ ነው፤ በአውቶቡስ ከሰዓት በላይ ይወስዳል። ጃንጥላዋን እንኳ ረስታ ሄደች። ምን አስቀየምኳት ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከዚሁ ከተማ እድር የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ያቺው ሴት። እትዬ አስካለ። ነጠላ አዘቅዝቆ በማለዳ ለደግ የሚመጣ የለም። ትንሹ ልጅሽ ናቲ በመኪና አደጋ ሞተ ብዬ ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ። ናቲ ደህና ነው አሉኝ፣ አስቀመጡኝ። አንደኛው ሽማግሌ ሁላችንም መንገደኞች ነን ብለው ጀመሩ፤ እናት ብትኖርም ብታልፍም እናት ናት አሉ። ያኔ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እናቴማ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው፣ ቤት ተሳስታችኋል አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ እፎይ ብዬ ነበር።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ አስካለ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች።

«አልተሳሳትንም፣ የኔ እናት። እናኑን የቀበርናት ባለፈው ወር ነው።»

አላለቀስኩም። ሻይ ላፍላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ ደርቄ ስቀር ጊዜ፣ አንቺን አይተው የማያውቁ ሴቶች በእኔ ፋንታ አለቀሱልሽ።

እማ፣ የመጀመሪያውን መርዶሽን ማን እንዳረዳኝ አታውቂም። ከሕፃናት ማሳደጊያው በር ላይ ትተሽን ከሄድሽ ክረምቱ እንኳ አላለቀም ነበር። ያን ቀን ከአዳማ ስንመጣ ናቲ አውቶቡስ ላይ አስመለሰብሽ። ከመግባታችን በፊት ቧንቧ ፈልገሽ ቀሚስሽን አጠብሽና እርጥቡን ለብሰሽ ገባሽ። ሲሻለኝ እመጣለሁ አልሽኝ። አመንኩሽ፤ በእርጥብ ቀሚስ ሰው ፊት የቆመች እናት አትዋሽም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የማሳደጊያው ኃላፊ ወደ ቢሮው ጠርቶ ብስኩት ሰጠኝና፣ በሽታው ጠንቶባት አረፈች፣ ከእንግዲህ የናቲ እናት አንቺ ነሽ አለኝ። ብስኩቱን በእጄ እንደያዝኩ ነው የሰማሁት። ሞግዚቶቹ ፀጉሬን ቆረጡኝ፣ ጥቁር ጨርቅ አሰሩልኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ እርሜን አወጣሁ።

ከዚያ ሊንዳና ባሏ ከአሜሪካ መጥተው ወሰዱን። አንድ ልጅ ነበር የጠበቁት፤ ወንድምና እህት አይለያዩም ብለው ሁለታችንንም ወሰዱ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ካልሆነ አልለብስም አልኩ። ተማሪዎቹ ጠንቋይ ይሉኝ ነበር። ሊንዳ አንድ ጊዜ ብቻ ለምን ብላ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ በኋላ ካልሲ እንኳ ስትገዛልኝ ጥቁር ነበር የምትገዛው። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂያት ነው። እሷንም ዋሽተዋታል።

አንቺ ግን ተሽሎሽ ነበር። መድኃኒቱ ተስማምቶሽ፣ ሰውነትሽ ተመልሶ፣ ልትወስጂን ያንኑ በር አንኳኩተሻል። ያው ሰውዬ ነው የተቀበለሽ። ልጆችሽ አሜሪካ ሊማሩ ሄዱ፣ በየክረምቱ ይመጣሉ፣ ይደውላሉ አለሽ። ስትታመሚ ለማደጎ ተስማምተሽ ነበርና አመንሽው። በእኛ ዘንድ ማደጎ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል። ልጅ ሌላ ቤት ያድጋል፤ ለበዓል እናቱ ዘንድ ይመጣል፤ ሲያገባ እናቱ ትመርቀዋለች። ፍርድ ቤት ገብቶ እናትን ከልጇ ላይ የሚሰርዝ ማደጎ መኖሩን ማን ነገረሽ? ማንም። እትዬ አስካለ እንዳለችኝ ዘበኛው እስኪሰለቸው ተመላልሰሻል፤ በመጨረሻ ማሳደጊያውም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ የሚሄድ በተገኘ ቁጥር ስማችንን ትነግሪ ነበር፤ አሜሪካ ተሻግሮ ያለ ሰፈር ይመስል። ለእሷም ነግረሻታል።

ሐዘንሽን ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ የእግዜር ሥራ ነው፣ ያለፈ ነገር አይቆፈርም አሉኝ። የእግዜርን ሥራ ከሰውዬው ሥራ ለዩልኝ አልኳቸው። አንደኛው፣ ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ሙግት ነውር ነው ብለው ተቆጡ። እኔም ነውሩን ተቀበልኩ፤ ሙግቱን ግን አልተውኩም።

ለናቲ የነገርኩት ሊንዳ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው አሁን፤ በቁመት ይበልጠኛል፣ በአማርኛ ስታናግሪው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልሽ። እናታችን ሞተች አልኩት።

«የትኛዋ?» አለኝ።

ሊንዳ ዕቃ እያጠበች ነበር። ሁሉን ስነግራቸው እጇን ሳታደርቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። በየዓመቱ ሻማ ታበራልሽ ነበር፣ እማ፤ በሕይወት ላለሽው። ባውቅ ኖሮ አልወስዳችሁም ነበር አለችኝ። አውቃለሁ፣ ዛሬ ግን አንቺን ማጽናናት አልችልም አልኳት። ማታውን ሾርባ ሠርታ ለቅሶ ቤት መጣች፣ ከሴቶቹ ኋላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አላባረርኳትም፤ አጠገቤም አላስቀመጥኳት።

ናቲ ለማላውቃት ሰው ማልቀስ አልችልም ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ግን ብቻውን መጣ። ምን እንደሚባል ጨንቆት በሩ ላይ ሲቆም፣ እትዬ አስካለ አጠገቧ አስቀመጠችውና ጆሮውን ያዘች። ይሄ እናኑ ስትጎትተው የነበረ ጆሮ ነው፣ ጎትታ ጎትታ ነው ያስረዘመችህ አለችው። ስተረጉምለት ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም ያኔ ነው ያለቀስኩት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ ረሱኝ ብለሽ ነው የሞትሽው? በየቀኑ እትዬ አስካለን እጠይቃት ነበር። ቅመሺ ትለኛለች፣ ጋደም በይ ትለኛለች። የሐዘኑ ሰው ሲበተን በመኪና ወሰድኳት። ቤቷ ደጃፍ ፓርክ አድርጌ ካልነገርሽኝ አትወርጂም አልኳት። የበሩን እጀታ ለቀቀች።

«በሙት አይዋሽም። ተቀይማሽ ነበር፣ ልጄ። ናቲስ ሕፃን ነው፣ ትርሲት ግን ቤቱን ታውቀዋለች ትል ነበር።»

አዎ፣ አውቀዋለሁ። ከመናኸሪያው ወጥቼ ዓይኔን ጨፍኜ እደርሳለሁ። ሰው የለበትም ስላሉኝ ነው ያልመጣሁት። አንድ ሰውዬ ለእኔ ሞተች፣ ለአንቺ ይመጣሉ ብሎ፣ በሁለታችን መካከል ቆሞ ኖረ። አንቺ እየጠበቅሽ፣ እኔ እያለቀስኩ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አልበደልኩሽም። ቅያሜሽ ግን ሐቅሽ ነው። የእኛ ነገር ነው፣ ተይው ብዬ አላራክሰውም። ምንም አልተቀየመችም ብላ ብታጽናናኝ ኖሮ፣ ያቺም ሦስተኛ ውሸት ትሆን ነበር።

ለሙት ዓመትሽ ከናቲ ጋር አዳማ እንመጣለን። ሊንዳ ልምጣ ወይ ብላኛለች፤ ገና አልመለስኩላትም። ይህን ደብዳቤ ለሰው ሁሉ የጻፍኩት ግቢሽ ውስጥ ጮክ ብዬ ላነበው ስለሆነ ነው፤ የፈረንጅ ልጅ ሆነው ረሷት ያሉሽም፣ አይዞሽ ይመጣሉ ያሉሽም አብረው እንዲሰሙ። ከዚያ ሰውዬውን እፈልገዋለሁ። መፈለግ ጀምሬአለሁ።

እንዳልረሳሽ ቃል መግባት ለእኔ ቀላል ነው፤ ሙት ነሽ ብለውኝ እንኳ አልረሳሁሽም። ከባዱን ቃል ልግባልሽ። የተቀየምሽው እኔን ነው፣ የበደለሽ ግን እሱ ነው። ቅያሜሽን ይዤው አልቀመጥም፤ ለባለቤቱ አደርሰዋለሁ፣ እናኑ ልካልሃለች ብዬ።

ልጅሽ ትርሲት