ከፍርግርጉ ውጭ ንፋስ አልሞላም

ይድረስ ለእታለም ወለላ፣ መተማ።

የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ? እኛ ፍላቂት ላይ ከብርዱ በቀር የሚያስከፋን የለም፤ አምላክ ይመስገን።

ስለፈነዳው ጎማ የነገሩሽ ሰዎች አጋነውታል። ሹፌሩ ቶሎ በል ሲለኝ የጭነት መኪናውን ጎማ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ንፋስ ሞላሁት። ፈነዳ፤ እኔም ይኸው አለሁ። ሐኪሙ ሥራ ቀይር ቢለኝ፣ መኪና በእግሩ መሄድ ሲጀምር እቀይራለሁ አልኩት።

አሁን ከወፍራም ብረት ፍርግርግ አስበይጃለሁ። የከባድ መኪና ጎማ እሱ ውስጥ ሳይገባ ንፋስ አያገኝም። የንፋሱንም ቱቦ አስረዝሜ፣ ከጎን ርቄ ቆሜ ነው የምሞላው። ትናንት አንዱ ሹፌር “ጎማ ነው አንበሳ የምታስረው?” ብሎ አፌዘብኝ። ካልጣመህ እስከ ወልድያ በጎደለው ንዳ አልኩት። ቆሞ ጠበቀ።

ብሎን የምትፈታውም፣ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝም ባለቤቴ ሰርካለም ናት። ጉልበቷም ጽሕፈቷም ከኔ ስለሚሻል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ቪዲዮ ክፈት እያልሽም አትጨቅጭቂኝ፤ ኔትወርኩ ደካማ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አያ ከፋለ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሥራ ላይ እጃችን ቅባት ሲሆን እንደምናደርገው አንጓዬን ሰጠኋቸው። “በነጭ ጋቢ ምን ቅባት አለብህ?” አሉኝ። ጎሚስታን ቅባት አይለቀውም ብያቸው አለፍኩ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ለፋሲካ አምላክ በሰላም ያምጣሽ። መናኸሪያ ስቀበልሽ አንጓዬን ብሰጥሽ እንዳትቀየሚ። የዚያን ዕለት እጄን ሳልታጠብ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ምሥጋናው