በሰላሁዲን ስም የወጣው ሪፖርት

ማውንትሌክ ቴራስ፣ መጋቢት 3

ለእትዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ትነጫነጫለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጠዋት ልጄ ሀይፋ ወደ ሥራ ስትሄድ በባቡር እስከ ኖርዝጌት አብሬያት እወርድና ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስጽፍ እውላለሁ፤ ጡረታ የወጣ ዲፕሎማት ሌላ ምን ሥራ አለው። ስለ ሕንድና ፓኪስታን ጠብ የምጽፈው መጽሐፍ አልቋል።

በደብዳቤሽ፣ መግቢያው ላይ ለባልሽ ለሰላሁዲን አንድ መስመር እንዳስገባለት ለምነሽኛል። አላህ ይርሐመውና ባለቤቴ በዚያ ሪፖርት ተሳስቷል፣ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንተ ከጻፍክለት ሰው ይቅር ይለዋል ብለሽ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድልኝ ብሏል። ሀይፋም፣ ዳዲ ለምን ኮል አታደርግላትም፣ ትለኛለች። ስልክ ላይ ከሆነ ወሬ ቀይሬ እንደማመልጥ ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ።

ሰላሁዲን አልተሳሳተም፣ እትዬ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ዴልሂ አብረን ስንሠራ ድንበሩ ላይ መድፍ መተኮስ ተጀመረ። አለቃችን እዚያ አቅራቢያ የሚማሩት የአገራችን ልጆች ይውጡ ወይስ ይቆዩ የሚል ሪፖርት ጠየቁ። እኔ በሳምንት ይበርዳል፣ መውጣት አያስፈልግም ብዬ ሐሙስ ዕለት በእጄ አረቀቅኩና በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ለእረፍት ሄድኩ። በእኛ ቢሮ ልማድ፣ ረቂቁን ተይቦ የሚያወጣው ሰው ነበር ከግርጌ የስሙን መነሻ ፊደላት የሚያስገባው። የእኔን የሚተይበው ሰላሁዲን ነበርና ተጠራጥሮ ደወለልኝ፤ ነገሩ እየባሰ ነው፣ ብንጠብቅስ አለኝ። አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ፣ ላከው አልኩት። ላከው።

በአምስተኛው ቀን ናኦድ የሚባል ተማሪያችን ማደሪያው ውስጥ እንዳለ በመድፍ ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበር።

ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ሲጠይቀኝ፣ ሪፖርቱ ሲወጣ እረፍት ላይ ነበርኩ አልኩ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ሙያዬ ነው። ሰላሁዲን አየኝ፤ ረቂቁ የእኔ መሆኑን ግን አላነሳም። አገር ቤት ጠሩት፣ ከሥራም አስወጡት። እኔ የላክሁልሽን ሻንጣ ይዞ ቤትሽ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሲያገባሽ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም፤ አንድ ቀን ይነግራታል ብዬ። አልነገረሽም። የናኦድ አባት አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ደጃችሁ መጥተው ልጄን በላኸው ሲሉት እንኳ አንገቱን ደፍቶ እንደሰማቸው ያጫወትሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም እዚህ ሲያትል ቁጭ ብዬ፣ አይ ምስኪን አልኩሽ። ዛሬ ሳስበው ራሴን እጸየፋለሁ።

ይባስ ብሎ ምዕራፍ ሰባት ላይ አንድ ባልደረባዬ ያዘጋጀው የተሳሳተ ሪፖርት ብዬ ጻፍኩና እንዲያርምልኝ ለራሱ ለሰላሁዲን ላክሁለት። አያሳፍርም? ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ አነበበው። አንድ ቦታ ብቻ አርሞ መለሰልኝ፤ ለእረፍት የወጣኸው ረቡዕ ሳይሆን ዓርብ ነው፣ ሐሙስ ምሳ አብረን በልተናል ይላል። ሌላ ምንም አልነካም።

ባለፈው ሰኞ ምዕራፉን እንደገና ጽፌ ለአሳታሚው ላክሁ። የእኔ ስም አለበት፣ የናኦድም። ለአቶ ሀብተ ጊዮርጊስም ለብቻቸው ጽፌያለሁ። አንቺ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ብትደውዪ አነሳለሁ፣ ባትደውዪም አልቀየምሽም።

ሰላሁዲን ሊሞት ሲል ወንድምሽን አደራ ማለቱ ግራ ገብቶሽ ነበር፤ እሱ በሽተኛ፣ አንተ ደህና ሰው፣ እንዴት አንተን አደራ ይለኛል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሕመሙ አስለፍልፎት ይሆናል አልኩሽ። አልነበረም፤ እውነቱ የሚወጣ ቀን እንዳትጥዪኝ ነው አደራ ያለሽ።

አላህ ለእሱ ጀነትን፣ ለአንቺ ጤናውንና ጽናቱን ይስጥልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ