ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች

ሰኞ

ኳሴ ዝይ መታች። ዝይዋ አልሞተችም፤ አንገቷን ዞር አድርጋ አየችኝና ቀስ ብላ ወደ ኩሬው ገባች። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የቴክሳስ ዝይ አማርኛ አትሰማም ብዬ ይሆናል።

ከሆስፒታል ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ነበረብኝ። መኪናዋ ግን ወደ ሐይቁ ዳር ሜዳ ታጠፈች። ባለቤቴ ሰብለ ስትደውል ትንሽ አየር ልውሰድ ብዬ ነው አልኳት። እኔ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። "ቀኑን ሙሉ ለሰው አየር ስትሰጥ ትውላለህ፤ ያንተ አየር ግን ሁልጊዜ ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው" አለችኝ።

የትናንቱን አልጻፍኩም። ትናንት ፋሲካ ነበር። ማህሌት ከዴንተን መጣች፣ ናታንን ይዛ። ልጃችን እዚያው ተምራ፣ እዚያው አስተማሪ ሆና ቀረች። ናታን ጥሩ ልጅ ነው። ዶሮ ወጥ ላብ እያጠመቀውም ቢሆን ይጨርሳል። ምሳው መሀል ማህሌት እጇን ዘረጋች፤ ቀለበት። ሰብለ እልል አለች። እኔ "ጥሩ ነው" አልኩ። ስለ አየሩ ሁኔታ የጠየቁኝ ይመስል። ከዚያ ሳሩን ልይ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ የልጄ ዓይን ቀልቷል። ሲሄዱ አቀፈችኝ፣ ግን እንደ ወትሮው አጥብቃ አይደለም።

ምን ነበር የፈለግኩት? ጥሎሽ አይደለም። ድግስም አይደለም። ሦስት ሰዎች ፊቴ ቆመው "ልጅዎን" እንዲሉኝ። ይኸው ነው።

ማክሰኞ

ሰብለ ጠዋት ጀመረችኝ። የናታን አባት የአርሊንግተን አሜሪካዊ ነው፣ ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር ከየት ያውቃል አለችኝ። ልጅቷ ትንገረው አልኩ። "እና ልጅቷ ራሷ ሽማግሌ ላኩልኝ ብላ ትለምን?" አለች። እውነቷን ነው። እኔ የምፈልገውን ካልነገርኳቸው አያመጡትም፤ ነግሬያቸው ካመጡት ደግሞ ምኑ ላይ ነው ደስታው?

ልወጣ በር ላይ ስደርስ፣ ማህሌት ደውላ አባቴ ናታንን አይወደውም ወይ ብላ እንደጠየቀቻት ነገረችኝ። ይኼ ቀኑን ሙሉ ተከተለኝ።

ማታ ሊመሽ ሲል ለመለማመጃ ኳስ በባልዲ ገዛሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ ስጫወት። በጎልፍ ትንሽ መትቶ የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው፤ እኔ አንድም ቀን ከመቶ በታች ጨርሼ አላውቅም። ያስለመዱኝ ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ሐኪም በእግርህ ተራመድ ባለኝ ጊዜ፣ "ያለ ምክንያት የሚራመድ ሰው ያሳዝናል፤ ና ኳስ እየተከተልክ ተራመድ" አሉኝ። በሰማንያ ዓመታቸው ደጃፍ ላይ ናቸው፣ ግን ኳሷን ሲመቷት የተነገራት ቦታ ትሄዳለች። የእኔዋ የራሷ ሐሳብ አላት።

አንዷን ግን መታኋት! ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ዱላው ባዶ አየር ያለፈ መሰለኝ። ቀና ስል ወደ ኤርፖርቱ የሚያዘቀዝቅ አውሮፕላን አጠገብ ነጥብ ሆና ተንሳፍፋለች። አውሮፕላኑ ሲወርድ እሷ ገና እዚያው ነበረች።

ለእንዲህ ዓይነቷ አንዲት ኳስ ብዬ ነው መሰለኝ ሌላውን ሁሉ የምችለው።

ረቡዕ

ጋሽ ዘውዴ ስልክ አያነሱም። ሁልጊዜ ረቡዕ ደውለው የቅዳሜውን ሰዓት የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ኮል አደረግኩ። ሰብለን ታመው ይሆን እንዴ ስላት፣ "ኧረ ደህና ናቸው" አለች፣ ቶሎ። በጣም ቶሎ።

ጠዋት የነቃሁት ከሕልም ነው። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ እኔ በባዶ እግሬ ነኝ፤ ሳሩ ለብ ያለ ነው። ማህሌት ትንሽ ልጅ ሆና ከፊቴ እየሮጠች ባንዲራ ያለበትን ቀዳዳ ታሳየኛለች። በደረስኩ ቁጥር ባንዲራውን ነቅላ ትሄዳለች። አልተናደድኩም። እንዲያውም ባትቆም ብዬ እመኝ ነበር።

ሥራ ላይ አንዲት አሮጊት ታካሚ ምን እንደሚያስፈግገኝ ጠየቁኝ። ጎልፍ አልኳቸው። አዘኑልኝ።

ሐሙስ

ግሌን ደወለ። የናታን አባት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ማህሌት የተመረቀች ቀን፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሰፊ። ጎልፍ እንደምጫወት ሰምቷል። ቅዳሜ ወንድሙን ሮይን ይዞ ወደኛ ሜዳ ሊመጣ ነው፤ አራተኛም ሰው አግኝቻለሁ አለ።

እሺ አልኩ፣ ግን ከነከነኝ። ሶ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ማለት ነው። በኳስ መሀል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ስለ ሰርጉ አዳራሽ ሊያወራኝ ነው። ከሁሉም በኋላ የሚነገረው የልጅቷ አባት።

ለሰብለ እንዲህ ስላት ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዞረች። የተናደደች መስሎኝ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። አሁን ስጽፈው ግን ሳቅ ይመስለኛል።

ዓርብ

ሰብለ ነጩን ሸሚዜን ተኮሰች። ለጎልፍ! በላዩ ላይ ሳር ነው የማፈሰው ብላት፣ "የሰው አባት ፊት ነው የምትቆመው" አለች።

ከሥራ በኋላ ዱላዎቼን በረንዳ ላይ ዘርግቼ አጠብኩ። ትልቁ ዱላ፤ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚልክ። ከአሸዋ ማውጫው ዱላ፤ ከሁሉ በላይ የሠራ። ቀዳዳ ውስጥ ማስገቢያው፤ የምወደው፣ እሱ ግን የማይወደኝ። ነገ ቢያንስ ግሌን ፊት ኳስ ባልስት። ከመቶ በታች ብጨርስ ደግሞ ምን ይለኝ ይሆን? እንደዚያ እያሰብኩ ቆየሁ፤ ውሃው ከዱላው ጫፍ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ የጎረቤት ልጆች ብስክሌት ላይ ናቸው፤ ሰማዩ ብርቱካናማ። ስለ ሰርጉ ማሰብ እንደረሳሁ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ማህሌት ዛሬም አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ቅዳሜ

ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ስደርስ ከሐይቁ ጭጋግ ገና አልተነሣም። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ቀና ስል ግሌን፣ ሮይ፣ እና በመሀላቸው ጋሽ ዘውዴ! ከጎልፍ ሰደርያቸው ሥር ክራባት አስረዋል። አራተኛው ሰው እሳቸው ናቸው። ስልክ ለምን አላነሱም ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሥራ ነበረብኝ" አሉ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው ነው! ሁልጊዜ በሜዳዋ ትንሽ መኪና፣ በእኔ ካርት ላይ ነው የሚቀመጡት። ዛሬ ከሮይ ጋር ሄዱ። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

ግሌን ከእኔ የባሰ ነው። ይኼን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። የመጀመሪያ ኳሱ ዛፍ ውስጥ፣ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ውስጥ። ራሱ ላይ ይስቃል፣ ድምፅ ሳያወጣ። አብረን ቁጥቋጦ ስንፈትሽ ስለ ሰርግ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ኪሱ ውስጥ ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ እየደጋገመ አውጥቶ ያይና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሮይ ረጋ ብሎ ይመታል፤ ጉልበቱ ግን በሽተኛ ነው፣ አተነፋፈሱም አላማረኝም። ሲሳልም ሰምቼዋለሁ፤ ከሥራ ውጭም ጆሮዬ አያርፍም።

ነገሩ የሆነው ዘጠነኛው ቀዳዳ መነሻ ላይ ነው። በዳገቱ ሰማያዊ የሜዳ አበባ ሞልቷል፤ ጭጋጉ እየተገፈፈ ነበር። ልመታ ተዘጋጅቼ ከኋላዬ ምንም ድምፅ ስላልሰማሁ ዞር አልኩ። ሦስቱም ከካርቶቹ ወርደዋል። በአንድ መስመር ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። እያንዳንዳቸው በአንድ ዱላ ተደግፈዋል።

"ምንድን ነው?" አልኩ። ጋሽ ዘውዴ እኔን የማያውቁኝ ይመስል፣ "ጌታው፣ ጉዳይ ይዘን ነው" አሉ።

ከአፌ የወጣው አባቴ ይለው የነበረው ነው። "ይቀመጡ እንጂ።"

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም።"

ከዚያ ግሌን አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ወረቀቷን ሳያይ፣ በአማርኛ፣ "ልጅዎን ለልጃችን ለመጠየቅ መታን" አለ።

ጋሽ ዘውዴ በቀስታ "መጣን" አሉት። ግሌን ራሱን ነቅንቆ፣ አፉን አስተካክሎ፣ "መታን" አለ።

አልሳቅኩም። አንድ ፊደል ነው ያቃተው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲታገል የከረመ ሰው ፊት አይሳቅም። ቀጥሎ በራሱ ቋንቋ ተናገረ። ናታንን እናቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ብቻውን ነው ያሳደገው። ማህሌት ለናታን፣ ናታን ለእሱ ስለ ሽማግሌ ሲነግሩት የእኔን ስብራት ሳይሆን የራሱን ድህነት እንዳየ ነገረኝ፤ እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። "ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ ሲያደርግ ቆሞ መጠየቅ ነበረበት" አለ። "ማንም አላስተማረኝም። ዘግይቻለሁ። ግን ቆሜያለሁ።"

እንግዲህ መልሱ የእኔ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ለምን አልተጠየቅኩም ስል ነበር የከረምኩት። ለካ የተጠየቀ ሰው መስጠት አለበት። ማህሌትን። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ኩሬው ላይ አንድ ነጭ ወፍ ተነሣና ረጅም እግሩን እያንጠለጠለ በላያችን አለፈ። ሁላችንም እሱን ተከትለን ቀና አልን። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ ጎረምሶች ደርሰው ነበር። አንዱ ልትመቱ ነው ወይስ ጸሎት ላይ ናችሁ ብሎ ጮኸ። ግሌን ዞር ሳይል እጁን አነሣ። በዚያው ቅጽበት የሮይ ዱላ ሳሩ ውስጥ ሰመጠ። ፊቱ ነጥቷል፤ ትንፋሹ ያፏጫል። ግን አልተቀመጠም። ክልክል ነው ተብሏላ።

በእኛ ደንብ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ከቤተሰብ ሳይመከር ክብር አይደለም።

"እሺ አላልኩም" አልኩ። "ከቤተሰቤ መምከር አለብኝ። በሳምንቱ ቤቴ ተመለሱ። ግን ስለ እግዚአብሔር፣ ተቀመጡ።"

ጋሽ ዘውዴ አልተበገሩም። "ተስፋ ያለው መቀመጥ ነው?"

"ተስፋ ያለው መቀመጥ ነው፣ ጋሼ።"

ለሮይ ተርጉመው እስኪጨርሱ እኔ ክንዱን ይዤ ካርቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ በአፍንጫህ ሳብ፣ በከንፈርህ ቀስ ብለህ አውጣ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ ተመለሰ። እንዴት ነበርኩ ብሎ ጠየቀኝ። እንደ አንተ የቆመ ሽማግሌ አላየሁም አልኩት።

ከዚያ ጎረምሶቹ እየጠበቁ ስለነበር መምታት ነበረብኝ። መታሁ። ዓይኔ ሞልቶ ስለነበር ኳሷን አላየኋትም። ግሌን ቀጥ ብላ ሄደች አለ። ሁላችንም ፈለግናት፣ የለችም። ውጤት መያዙንም ከዚያ በኋላ ማንም አላስታወሰም።

እሑድ

ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ። ከቅዳሴ ስንመለስ ማህሌት በር ላይ ቆማ ነበር፣ ብቻዋን። እናቷ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሁሉንም ስታውቅ የከረመች እሷ ናት፤ የጋሽ ዘውዴን ስልክ ለግሌን የሰጠችውም እሷ። የማወራት በኋላ ነው።

ማህሌት ምን እንዳልኳቸው ጠየቀችኝ። ለሽማግሌ እንጂ ለሙሽራ አይነገርም አልኳት።

"አባ፣ ስቶፕ" አለች። "አንክል ሮይ ቆመ አይደል? ግሌን ያን ሴንተንስ መኪና ውስጥ ፕራክቲስ ያደርጋል፣ ሁልጊዜ። እኔ አለቀስኩ።" ከዚያ፣ "አንተ ናታንን ትወደዋለህ?"

እወደዋለሁ አልኳት። ጓሮ የወጣሁት እሱን ጠልቼ እንዳልሆነ፣ እሷን ለመስጠት ቃል ስላጣሁ እንደሆነም ነገርኳት። ሁሉንም በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ምን ያህሉን እንደተከተለች አላውቅም። እንደ ድሮዋ አጥብቃ ያዘችኝ። ሸሚዜ ላይ የኩሏ ቀለም ቀረ።

ሰኞ

ግሌን ደወለ። ቅዳሜ ቤታችሁ ስንመጣ ወንድሜ ወንበር ይዞ መምጣት ይፈቀድለታል ወይ አለኝ። አማክሬ እነግርሃለሁ አልኩት። እየኮራሁ መጥቻለሁ።

ከሥራ ስወጣ ሰብለ ሆስፒታሉ በር ላይ መኪና ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር። ሜዳህን አሳየኝ አለች። በሦስት ዓመት አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። ማንም የማይጫወትበት ጥግ ይዘን በእግር ሄድን። ነፋስ የለም። ፀሐይዋ ሳሩን አለስልሳው፣ ሁሉም ነገር ከእንቅልፍ ያልወጣ ይመስላል። ጫማዋን አወለቀች።

"እሺ ልላቸው ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ነጩን ሸሚዝ እሺ ብለህ ስትለብስ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ፣ እሷ ግን ገና ለመስጠት እንዳልቆረጠች፣ ማንም እሷን እንዳልጠየቃት ነገረችኝ። ቀልድ መስሎኝ አየኋት። አልነበረም።

ቤት እስክንደርስ እጇን አልለቀቅኩም። ቅዳሜ ሲመጡ ሁለታችን ፊት ይቁሙ ብዬ ለጋሽ ዘውዴ ደውያለሁ። ደንቡ እንዲህ አይደለም አሉ። ከዚያ ግን፣ "እስቲ እናየዋለን" አሉ።