«ጣለው» ያለችው እህቴ

ይድረስ ለአባባ፤

አባባ፣ ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣልዎታል? ይህን ጽሕፈቴን ዓይንዎ ያነበው ይሆን ወይስ እማዬ ናት የምታነብልዎ? እሷ ከሆነች እንደምን ነሽልኝ እማ፣ የሚያስለቅስ ቦታ ስትደርሺ ዝም ብለሽ እንዳታልፊው። እኔም እህቴም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ቀኑን ሙሉ ከመኪና ሥር ተጋድሜ ስለምውል ወረቀቱ ላይ የቅባት ጣት ቢያዩ ይቅር ይበሉኝ።

ወሬ ቀድሞኝ እንደ ደረሰ ሰምቻለሁ። «ልጅዎ በረብሻው ቀን ‹ጣለው› ብላ ሰው አስገደለች» ብለዋችኋል አሉ። ወሬው ግማሽ እውነት ስላለው ነው የከፋው። «ጣለው» ብላለች። የቀረውን ግን ከእኔ ይስሙ፤ ሦስቱንም ቀን ችሎት ተቀምጬ ነበር።

የገበያው ሱቆች ሊፈርሱ ነው ሲባል ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ መስታወት ተሰበረ፣ ጎማ ተቃጥሎ ጨሰ፣ ድንጋይ ዘነበ። ቃሪያችን (እህቴ ፖሊስ ሆነች አልሆነች ለእኔ ያው ቃሪያ ናት) ከባልደረባዋ ጋር ጫማ ቤቱ ጥግ ቆማ ነበር። ባልደረባዋ ምሰሶ ስለሚያክል ሁሉም «ረጅሙ» ይሉታል። አንድ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ድንጋይ ይዞ መጣባቸው። ረጅሙ ጠመንጃውን ደገነ። እሷ «ጣለው!» ብላ ጮኸች፣ ወዲያው ተተኮሰ። ሰውዬው ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ጋራዥ እጅ ብሎን ይፈታል፣ አፍ ግን ሕግ ላይ ነው። በያጁ «ድንጋይ ጭንቅላት ያፈርሳል፤ ድንጋይ የያዘ ሰው ሲመጣበት ፖሊስ ራሱን ቢከላከል ሕግ ይፈቅድለታል» ይላል። ቀለም ቀቢው ደግሞ «ይፈቅዳል፣ ግን ‹የያዘ› ነው እንጂ ‹ይዞ የነበረ› አይልም» ይለዋል። እኔ ከበያጁ ጎን ነበርኩ፤ ለምን ይዋሻል፣ ለእህቴ ስል ነው።

አባባ፣ ያቺ አንዲት ቃል ሦስት ሆና ፍርድ ቤት ቀረበች። ለሰውዬው «ድንጋዩን ጣለው» ማለቷ ከሆነ ድንጋዩ ገና እጁ ላይ ነው፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቶታል፤ ተኩሱ ሕጋዊ ይሆናል። ለረጅሙ «ሰውዬውን ጣለው» ማለቷ ከሆነ እሷም አብራ ተጠያቂ ናት። «ሰውዬው ድንጋዩን ጥሎታል» ማለቷ ከሆነ ግን አደጋው አልፏል፣ የተተኮሰው ባዶ እጁን በቆመ ሰው ላይ ነው። እርስዎ አርባ ዓመት ሰዋስው ሲያስተምሩ «ማን? ምኑን?» እያሉ ደብተራችንን በቀይ ያቀለሙት ለካ ወደው አልነበረም!

የረጅሙ ጠበቃ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነበር። ባልደረቦቿ ቤቷ ድረስ እየመጡ «አንቺም ነፃ፣ እሱም ነፃ፣ ማን ይጎዳል?» አሏት። የሚያሳፍረኝ፣ እኔም መከርኳት። «የሞተ አይመለስ፣ ሰው ማሳሰር ምን ይረባሻል?» አልኳት። ሻይዋን አስቀምጣ አየችኝና «እና ሟቹ ለዘላለም ድንጋይ እንደ ያዘ ይቅር?» አለችኝ።

ዳኛዋ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው «አንብቢው» አሏት። አነበበችው። «እስቲ አሁን በሌላኛው ትርጉሙ» አሏት። ያው ሆነ። አዳራሹ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ቆማ «ድንጋዩን ጥሎታል ማለቴ ነበር፤ ሲጥለው በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ቀጥላም፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥል እንደነበር፣ ባልደረባዋም ቀደም ሲል ቆቡ ላይ በድንጋይ እንደተመታ፣ ያዘዘችው መስሎት ሊሆን እንደሚችል ተናገረች። «‹አትተኩስ› ብል ኖሮ ግልጽ ነበር። እሱ የእኔ ጥፋት ነው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት! አባባ፣ አግዳሚውን ጨብጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ምንህ ናት?» ቢለኝ «እህቴ ናት፣ የአንድ እናት ልጅ» አልኩት፤ አባቷ አስተማሪ መሆናቸውንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩለት።

ፍርድ ቤቱ ተኩሱን ሕግ የሚፈቅደው አይደለም አለ። ረጅሙ ተፈረደበት፤ የሰማው ነገር አሳስቶት ስለሆነ ግን ቅጣቱ ቀለለለት። እሷ አልተከሰሰችም። በያጁ ዛሬም «በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ማን ሰዋስው ያስባል?» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ለረጅሙ እኔም አዝናለሁ። እሷን መዝገብ ቤት አዛውረዋታል፤ ግማሾቹ ባልደረቦቿ ሰላም አይሏትም። ጠዋት ጠዋት ግን ዩኒፎርሟን ተኩሳ ቀና ብላ ትሄዳለች፤ እንግዲህ የቤታችን ተኩስ ይኸው ነው።

ከችሎት ስንወጣ የሟቹ እናት ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ይተፉባታል ብዬ ፊቷ ተደቀንኩ። እሳቸው በእጃቸው ገለል አደረጉኝና «ጣለው?» አሏት። «ጣለው፣ እማማ» አለቻቸው። «ጣለው» አሉ ለራሳቸው፣ እጇን ጨበጥ አድርገው ለቀቁና ደረጃውን ወረዱ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስለ እኛ እንዳታስብ ይንገሩልኝ። አክስቴን ሳቋ እንዳይጠፋ አደራ ይበሉልኝ። ታናሽ ወንድሜ ደብዳቤ የማይጽፈው ቀለም ተወዶ ነው ወይ ብሏል ወንድምህ ይበሉት። ቃሪያም ሁላችሁንም እንዴት ናችሁ ትላለች። ልጽፍልዎ መሆኑን ስነግራት «ጀግና ናት ብለህ እንዳትጽፍ። አንድ ቃል ጎደላት ብቻ በልልኝ፣ አባባ ይገባቸዋል» አለችኝ። ያለችውን ጽፌያለሁ። ጀግንነቷን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ልጅዎ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን