ያንተ ምላጭና የመኪናዋ ድምፅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 9

ለምወድህ አባዬ፣

መንገድ የምትሠሩበት በረሃ ሙቀቱ በረደላችሁ? እኛ ደህና ነን። ስትደውል "ደህና ነኝ" ብዬ ስልኩን ለእማዬ የማቀብለው ስላልናፈቅከኝ አይደለም። ድምፅህን ስሰማ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። እሷም ተቀብላ "ሁሉም ሰላም ነው" ብላ ትዘጋዋለች። ወረቀት ላይ ግን ፊቴን የሚያይ የለምና የመኪናዋን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከእማዬ ጋር ተጣልተህ በሩን ወርውረህ ዘግተህ ከወጣህበት ቀን ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ባትሪዋ እንዳይሞት እማዬ አንዳንዴ ታስነሳታለች። ያ የምታውቀው የሞተሯ ቀጭ ቀጭ ባሰበት። ድሮ ከመታጠፊያው ስትዞር መምጣትህን የምናውቀው በሱ ነበር፤ እማዬም ሻይ የምትጥደው እሱን ሰምታ ነበር። አሁን ግን ገና ሲጀምር ፊቷ ይለዋወጥና ቁልፉን መልሳ ሞተሩን ታጠፋዋለች። ባለፈው ሳምንት ጎማ ሻጩ ጎረቤታችን መጥቶ ትንሽ አዳመጠና "ሞተሩ አብቅቶለታል፤ አፈራርሼ ዕቃ ዕቃዋን እንድሸጥ ልውሰዳት" አላት። እማዬም ቅዳሜ ና አለችው።

እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ግን መኪናዋ ከሄደች አንተ የምትመለስበት አንድ ምክንያት የሚቀንስ መሰለኝ። ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ልትሄድብኝ መሆኑ አንገበገበኝ።

ፊት ለፊታችን ጋራዥ ያለው ጋሽ ብሎን ጋ ሄድኩ። ሲራመድ አሁንም በብሎን የተሞላው ኪሱ ይንቃጨላል። ብዙ ወጪ የማይጠይቀውን አስቀድሚ፣ ዘይቱን እዪ አለኝ። ሳየው ከመለኪያ ዘንጉ የታችኛው ምልክት ወርዶ ሬንጅ መስሏል። እሱ እያሳየኝ ቀየርኩት። ድምፁ ለስለስ አለ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ የውሃ ጎማ ቁራጭ ሰጠኝ፤ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርጌ እንድሰማ። አባዬ፣ ሰምተህ ታውቃለህ? ሞተር ውስጥ አንድ ሙሉ ሰፈር አለ! ከፊት በኩል ቫልቮቹን፣ ነዳጅ የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን ትንንሽ በሮች፣ በሰዓታቸው የሚያስኬደው ሰንሰለት አለ፤ እሱ ላልቶ ቢሆን ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ግን እንደ እማዬ የስፌት መኪና አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው። ቀጭ ቀጩ ከላይ ነበር፣ ከክዳኑ ሥር። ለምን ከሞተሩ ዙር ዘግየት እንደሚል ጋሽ ብሎንን ብጠይቀው የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ አየኝ። ቫልቭ ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው አለኝ። በሱና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ፣ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር ብረቱ እንደ መዶሻ ይመታዋል።

እንግዲህ ክፍተቱ ነው ጥፋተኛው ብዬ፣ እሱን ሳልጠይቅ ክዳኑን ፈትቼ የሁሉንም ማስተካከያ ብሎኖች ክፍተቱ እስኪዘጋ ድረስ አጠበቅኳቸው። አስነሳኋት። ጸጥ! እማዬ መርፌ በአፏ እንደያዘች ብቅ አለች። በልቤ ጨፈርኩ። ሞተሩ ሲሞቅ ግን መኪናዋ ብርድ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ጀመረችና ጠፋች። ከዚያ በኋላ ብትለመንም አልነሳ አለች።

ጋሽ ብሎን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ቦታ ካልተውሽለት ቫልቩ አፉ ተከፍቶ ይቀራል፣ ይቃጠላልም አለኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"ትንሽ የሚጮህ ቫልቭ አያስፈራሽ ልጄ። ጭራሽ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው።"

ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት ነበረው፤ አንድ ሰው ተውሶ ወስዶበታል። በሱ ፈንታ ምላጭ አምጪ አለኝ፣ ሁለት ደርበሽ ለሚያስገባው ቫልቭ፣ ሦስት ለሚያስወጣው። መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ሥር የተውከው ፓኮ እንዳለ ነበር። እማዬ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርግና መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች። እያየችኝ ወሰድኩት። የሁሉንም ስለት ድንጋይ ላይ ፈትጌ አደነዘዝኩ። ጣቴን ትንሽ ቆረጠኝ፣ አሁን አያመኝም።

ሥራው የሚሠራው ሞተሩ በርዶ፣ ቫልቮቹም ተራ በተራ ተዘግተው ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ ለማዞር፣ እንዲቀለኝ ካንዴላዎቹን ፈትቼ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ መኪናዋን መግፋት ነበረብኝ። ግን እየገፋሁ ማየት እንዴት እችላለሁ? ዛሬ ጠዋት እማዬ ስፌቷን ትታ መጣችና ከኋላ ቆመች። "ቁሚ ስትዪኝ እቆማለሁ" አለች። ስትገፋ፣ ስትቆም፣ እኔ ምላጩን ሳስገባ ረፋዱ አለቀ። ምላጩ ክፍተቱ ውስጥ ያዝ እያደረገ መንሸራተት አለበት። ምን እንደምለካ ጠየቀችኝ፤ ጋሽ ብሎን ያለኝን ነገርኳት። "ስለዚህ ክፍተት ያስፈልገዋል" አለች። "አዎ፣ ግን እንዳይበዛ" አልኳት። መግፋቷን ቀጠለች።

ክዳኑንና ካንዴላዎቹን መልሼ ገጥሜ ሳበቃ ጎማ ሻጩ ደረሰ። እማዬ አስነሺያት አለችኝ። ተነሳች፣ ሞቀች፣ አልተንቀጠቀጠችም። በጣም ቀስ ያለ ቲክ ቲክ ብቻ አላት። ሰውየው አንገቱን አዘነበለ።

"አሁንም እኮ ትጮሃለች" አላት።

"መጮህ አለባት" አለች እማዬ። "ዝም ያለች ቀን ነው የምትቃጠለው።"

"ታዲያ አትሸጥም ማለት ነው?"

"ባለቤቷ የለም" አለችው፣ "እሱ ሳይኖር አልሸጥም።"

ሰውየው እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። እሱ ከወጣም በኋላ ሞተሩን አጥፊ አላለችኝም። እዚያው ቆማ ስታዳምጥ ቆየች።

አሁን ይህን ስጽፍ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ለማን ነው አለችኝ። ለአባዬ ነው አልኳት። ሰላም በይልኝ የምትል መስሎኝ ጠበቅኩ። ጥቂት ሰፋች፣ ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፤ ቃሏን ሳልለውጥ ነው የጻፍኩት፦

"ምላጭህን ልጅህ ጨርሳዋለች። ሌላ ይገዛ ወይ?"

በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ መልስልኝ፤ ለሷ የማነብላት እኔ ልሁን።

የምትነዳው ገልባጭ ፍሬኑ ይያዝልህ፣ ውሃ አይጥፋብህ፣ በደህና የምትገባበትን ቀን ያቅርበው።

ዝምተኛዋ ልጅህ